ለዲግሪዋ የቆየው መርዶ

ሰርካዲስ ከእኔ ጋር አንድ ቤት መኖር የጀመረችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1982 መገባደጃ ላይ ነው። እኔ በሱዳን በኩል በስደት መጥቼ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነበር፤ አንድ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። እሷ ግን አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት በስኮላርሺፕ የመጣች፣ ኋላ መመለሻው ሲዘጋባት ትምህርቷን የሙጥኝ ብላ የቀረች ተማሪ ነበረች። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሃይ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ቤት ታችኛውን ፎቅ ለሁለት ተከራየን። እኔ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። እትዬ ውባለም ትለኛለች፤ እኔ ሰርኬ እላታለሁ።

የምታጠናው የጥንት ግሪኮችን ግጥም ነው ሲሉኝ የሚያፌዙ መስሎኝ ነበር። የእኛ ሰው የሚማረው ኢንጂነሪንግ፣ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ ነው። ማታ ማታ የምግብ ጠረጴዛችንን በካርዶች ሞልታ ስትቀመጥ ግን እውነት መሆኑን አየሁ። ታይፕራይተሯ የግሪክ ፊደል ስለሌለው ቦታ እየተወች ትመታና ኋላ በቀጭን እስክሪብቶ ክፍተቱን ትሞላዋለች። አንድ ቀን ከመዳፍ የማትበልጥ የተቦጫጨቀች የጥንት ጽሑፍ ቁራጭ ፎቶ አሳየችኝ።

"ይህ ግብፅ ውስጥ አሸዋ ስር የተገኘ ነው" አለችኝ። "የጥንት ግሪኮች ግጥምን ቁጭ ብለው አያነቡትም ነበር፤ ክራር የመሰለ ነገር እየመቱ ያዜሙታል። ለሠርግ፣ ለድል፣ ለሞተ ሰው። ይሄኛው ለሞተ ሰው የተዜመ ነው። ሙሉ ቃል የተረፈው ስድስት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቼበታለሁ።"

"ስድስት ቃል ላይ ሁለት ዓመት?"

"ሰባተኛው የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ" ብላ ሳቀች።

ለምን ሙሾን እንደመረጠች የነገረችኝ ግን ከተላመድን በኋላ ነው። እናቷ ወይዘሮ ፋንታዬ በቢቸና አካባቢ የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ሰው ሲሞት እሳቸው ይጠራሉ፤ የሟቹን ዘር፣ የሟቹን ሞያ፣ የእናቱን ስም እየጠሩ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ተራራ የሚያህል ወንድ ያስለቅሳሉ። ሰርካዲስ በልጅነቷ በዚህ ታፍር ነበር። ትምህርት ቤት "የአልቃሽ ልጅ" ሲሏት እናቴ ፈታይ ናት እያለች ትዋሽ ነበር። አሜሪካ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ መምህር ከግሪኮቹ ሙሾ አንዱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበር በጠመኔ ሲያሳይ አየች።

"የእማዬን ሥራ ነው ሰሌዳ ላይ ያየሁት" አለችኝ። "ክፍሉ ውስጥ ያን ድምፅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያው ቀረሁ።"

የመመረቂያ ጽሑፏ አምስት ምዕራፍ ነበረው። አራቱ አልቀዋል። አምስተኛው የእናቷን ሙሾ ከግሪኮቹ ጋር የሚያነጻጽር ነው። ለዚህ ሲባል በ1983 ጥር ላይ አንዲት ትንሽ መቅረጫ ቴፕና አራት ባዶ ካሴት ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ላከች። ከነደብዳቤው። እናቷ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤዋን የሚያነብላቸውም፣ መልሱን የሚጽፍላቸውም ቢቸና አስተማሪ የሆነው ወንድሟ ሰይፈሥላሴ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ፣ እሑድ ነው፣ ጋሼ አሥራት ጠሩኝ። ጋሼ አሥራት አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ እዚህ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ትኬት የሚቆርጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን እሑድ እሑድ የምንሳለመው እዚህ ከሚኖሩት ግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝና የሰይፈሥላሴን ደብዳቤ አወጡ። ወይዘሮ ፋንታዬ ጥር ሃያ ሁለት፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት አርፈዋል። ለእህቴ እንደ ባህላችን አርዱልኝ ይላል።

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ሰርካዲስ ደረጃው ላይ ከግሪክ አሮጊቶች ጋር ቆማለች። የጥንቱን ግሪክኛ ስትናገርላቸው አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ይስቁ ነበር።

"መቼ ነው የምትጨርሰው?" አሉኝ ጋሼ አሥራት።

"ሰኔ ብላለች።"

"ሦስት ወር ነው። አሁን ብንነግራት ትምህርቱን ትጥለዋለች። አሥር ዓመት የደከመችበት ነው። ከእኛ መሃል ዶክተር የምትባል የመጀመሪያዋ ናት። ትጨርስና በማግሥቱ እንነግራታለን። ምን ትያለሽ?"

"እንዳሉ" አልኩ። ክፉ ነገር ያደረግኩ አልመሰለኝም። አገራችን እንዲህ ነው፤ ለተፈታኝ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም።

ያ ሦስት ወር ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰኔ ደረሰ፣ ሰርካዲስ አልጨረሰችም። ለምን ብላት፣ "ካሴቱ ሳይመጣ እንዴት ብዬ?" አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባንበት ማጥ የገባኝ። እኛ እስክትጨርስ መርዶውን ይዘናል። እሷ የእናቷ ድምፅ እስኪመጣ ጽሑፉን ይዛለች። ቴፑ ቢቸና የደረሰው ከቀብሩ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ሰይፈሥላሴ የሚላት ሲያጣ "ባትሪ አልተገኘም" ብሎ ጻፈላት። ቀጥሎ "ትንሽ አሟታል" አለ። እሷ ባትሪ ላከች። ለብርዱ ብላ ከዳውንታውን ወይን ጠጅ ሹራብ ገዛችላቸው፤ እኔው ነኝ አጣጥፌ በወረቀት የጠቀለልኩት። በየሳምንቱ ትጽፋለች። ጻፍ ጻፍ አድርጋ ቀና ትልና "እማዬ ይሄን ብትሰማ ምን ትል ይመስልሻል?" ትለኛለች። የሆነ ነገር እመልሳለሁ። ምን እንደምመልስ አሁን አላስታውሰውም። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ፊቴን አስተካክዬ እንደምገባ ግን አስታውሳለሁ።

በመስከረም ከዲፓርትመንቱ ደብዳቤ መጣላት። እስከ መጪው ሰኔ ካልጨረሰች የማስተማር ሥራዋም፣ የተማሪነት ቪዛዋም ያበቃል። አስተማሪዋ ፕሮፌሰር ማርሽ፣ ጸጉራቸው የነጣ ዝምተኛ ሰው፣ ያለ ካሴቱ ጻፊው ብለው ለመኗት። እሷ ግን "እማዬ እሺ ሳትል አትቀርም፤ ትንሽ ይታገሡኝ" አለቻቸው።

ለጋሼ አሥራት እንንገራት አልኳቸው። "አሁን ከነገርናት ጨርሶ ያበቃላታል፤ ቪዛዋስ?" አሉ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። እሷ ላይብረሪ ነበረች። ወረቀት አወጣሁና ለሰይፈሥላሴ ጻፍኩ። ካሴቱን መጠበቅ እንድትተው እናትህ እንቢ አሉ ብለህ ጻፍላት አልኩት። እንዲህ ብለህ ጻፍ ብዬም ቃሉን ከነነጥቡ ሰጠሁት። እኔም እንደ እናቷ የጎጃም ሴት ነኝ፤ አንዲት አልቃሽ ብትቆጣ ምን እንደምትል ለመገመት አላቃተኝም።

መልሱ ለፈረንጆቹ ገና አካባቢ ደረሰ። ሰርካዲስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ አነበበችልኝ።

"ልጄ ሆይ፣ ሬሳ ሳይኖር ሙሾ አይወረድም። ሙሾ ባለቤት አለው። ለማሽን ላልቅስ ብል የማንን ሞት ልጥራ? ያልሞተ ሰው ጠርቼ ላስፈራ ወይ የሞተውን ጠርቼ ልቀስቅስ? ይህን ዳግመኛ አትጠይቂኝ።"

የራሴን ቃል በእሷ አንደበት ሰማሁት። ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ለአገር ምድሩ አልቅሳለች" አለች። "ለማታውቀው ሰው፣ ለጠላቷ ሳይቀር። ለእኔ አንድ ካሴት ነፈገችኝ። በልጅነቴ እንዳፈርኩባት ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"እንደሱ አይደለም፣ ሰርኬ።"

"አንቺ አታውቂያትም።"

ለእናቷ መጻፏን ተወች። ሳምንት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ጭራሹን። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን እፎይ ነበር ያልኩት።

መልሱ በመጣ በሁለት ሳምንቱ አንድ ጠዋት ደብዳቤውን ታይፕራይተሩ አጠገብ ዘርግታ አገኘኋት። ፊቷ ተለውጧል። "እትዬ ውባለም፣ እማዬ ሳታውቀው መልሱን ሰጥታኛለች" አለችኝ። "ሊቃውንቱ ሁሉ እነዚህን ቁርጥራጮች እንደ ማንኛውም ግጥም ነው የሚያነቧቸው። እሷ ግን ሬሳ ከሌለ ሙሾ የለም አለች። እኛ እጅ የገባው እንግዲህ ሙሾ አይደለም፤ የሙሾ ፎቶግራፍ ነው። መጽሐፍ ላይ ሲገለበጥ፣ ከሟቹ ሲለይ፣ ሌላ ነገር ሆኗል። እስከ ዛሬ የተጻፈው ሁሉ ከዚህ መነሳት ነበረበት።"

አምስተኛውን ምዕራፍ በሦስት ወር ጻፈችው። ደብዳቤውን እንዳለ ተርጉማ መሃሉ ላይ አስገባችው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ቆመ። ፕሮፌሰር ማርሽ አንብበው ሲጨርሱ ቤት ድረስ ኮል አደረጉላት፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከተማሪ ያነበብኩት ምርጡ ነገር ነው አሏት።

በግንቦት 1984 የመመረቂያ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ቀርባ ስትከላከል እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ የላውንደሪውን ሰማያዊ ልብስ እንደለበስኩ ነው። እንግሊዝኛው ከአቅሜ በላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ "ቢቸና" ሲሉ ግን ሰማሁ፤ ቀጥለውም ደብዳቤውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። አምስት ምሁራን አንገታቸውን ደፍተው እኔ የላውንደሪ ሠራተኛዋ የፈጠርኩትን ቃል አዳመጡ። ሲያበቃ ሰርካዲስ ወደ ፕሮፌሰሩ ወስዳ አስተዋወቀችኝ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘመድ ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ እነ ጋሼ አሥራት መጡ። አሥራ ሁለት ሰው ይሆናሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ሰርካዲስ በሌሊት ልብሷ ከክፍሏ ወጥታ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየቻቸውና ማንም ሳይናገር "እማዬ ናት" አለች።

ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች አልተርከውም። ከሂሊያርድ የመጣች አንዲት የጎጃም ሴት ሙሾ አነሳችና እንድትቀበላት ጠበቀቻት፤ የእነማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰርካዲስ አፏን ከፈተች፤ የወጣላት ግን እማዬ የሚለው ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ ጋሼ አሥራትን "መቼ ነው?" አለቻቸው። "ባለፈው ዓመት፣ በጥር" አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው።

በሰልስቱ ሰዉ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ሳህን ሳጥብ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ደብዳቤውን ይዛለች።

"እናቴ የሞተችው በጥር ነው። ይህ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ በኅዳር ነው።"

"አዎ።"

"ሰይፈሥላሴ ፈጥሮት ነው?"

"የጻፈው እሱ ነው። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"የትኛውን ቃል?"

"ሁሉንም።"

"የማንን ሞት ልጥራ የሚለውንም?"

"እሱንም።"

ውሃውን ዘጋሁት። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ እዚያ ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል።

"የእኔ ደብዳቤስ? ቴፑ?"

"ካረፉ በኋላ ነው የደረሰው። አልሰሙትም፣ ሰርኬ።"

"እንግዲያው እንቢ አላለችም።"

"አላሉም።"

"እሺም አላለችም።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ከገና ጀምሮ ተቀይሜአታለሁ። ሰው ሁሉ እናቱን ሲያነሳ እኔ አላነሳም ነበር። የሞተች እናቴን አኮረፍኩ።"

አጠገቧ ሄጄ እግሯ ስር ልንበረከክ ስል በእጇ ከለከለችኝ። "ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ" አለች። "ይቅር ብዬሻለሁ። አብሬሽ ግን አንድ ቤት መኖር አልችልም።" ሐምሌ ላይ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች።

የዚህን ተከታይ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከራሷ ነው። በዚያ ክረምት አንድ ማተሚያ ቤት ጽሑፉን በመጽሐፍ ላውጣው ብሎ ጽፎላት ነበር። ዩኒቨርሲቲውም በየዓመቱ የሚታደስ የመምህርነት ቦታ ሰጣት፤ መጽሐፉ ከወጣ ቋሚ ትሆናለች። እሷ ግን ፕሮፌሰር ማርሽ ቢሮ ሄዳ እውነቱን ተናገረች። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና፣ "ደብዳቤውን አውጪው፤ ሐሳቡ ያለ እሱም ይቆማል" አሏት።

"ሐሳቡ የቆመው እናቴ ላይ ነው" አለቻቸው። "እናቴ ደግሞ ምን እንደምትል አልተጠየቀችም። ምናልባት ካሴቱን ሞልታ ትልክልኝ ነበር። ያን ጊዜ ጽሑፌ በሙሉ ተቃራኒውን ይል ነበር።"

ለማተሚያ ቤቱ አይሆንም ብላ ጻፈች። ጽሑፉን ከላይብረሪ ልታወጣው ብትጠይቅ፣ አንዴ ከገባና በማይክሮፊልም ተነስቶ ለሌሎች ላይብረሪዎች ከተላከ አይወጣም አሏት። የተፈቀደላት እዚያው ባለው ቅጂ ላይ አንድ የእርማት ወረቀት መለጠፍ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ የሰፈረው ደብዳቤ የአልቃሿ አይደለም፤ አልቃሿ ጥያቄው ሳይደርሳት ሞታለች ብላ ጻፈች። ሌላ መጽሐፍ ልትጀምር ሦስት ዓመት ሞከረች። ስለ ግሪኮቹ የሠርግ ዘፈን፣ ስለ ድል ዘፈናቸው። ገጽ ሁለት ላይ እየደረሰች ትቆማለች። በ1987 ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀረ። ዳውንታውን አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ገባች፤ የመኪና አደጋ ክሌም፣ የካሳ ጥያቄ ማለት ነው፣ ፋይል ታደርጋለች።

እኔ በዚያው ዓመት ሚነርቫ ፓርክ ትንሽ ቤት ገዛሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን፤ አንገት ደፍተን ሰላም እንባባላለን። ከዚያ ያለፈ አልነበረም።

በ1988 መኸር አንድ ማክሰኞ ከሺፍት ስወጣ የላውንደሪው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የቢሮ ልብሷን ለብሳለች፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የመጣችው።

"እትዬ ውባለም፣ ወንድምሽ ተስፋዬ ካርቱም ላይ አርፏል" አለችኝ። "ለጋሼ አሥራት ትናንት ነው የተደወለላቸው፤ እኔ ዛሬ ሰማሁ። የዜግነት ፈተናሽ ሁለት ሳምንት ስለቀረው እስከዚያ ሊያቆዩት ነው። እኔ ማቆየት አልቻልኩም።"

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠች። የሥራ ባልደረቦቼ እያለፉ አዩን። ማልቀስ እስክጀምር ድረስ ቦርሳዬን ይዛልኝ ቆየች፤ ኋላም እጄን ይዛ ቤቴ አደረሰችኝ። ሦስት ቀን ከእኔ ዘንድ ወደ ሥራዋ እየሄደች እየተመለሰች ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው አስተናገደች። ጋሼ አሥራት ተቆጥተዋት ነበር፤ አልመለሰችላቸውም። ፈተናውን ወደቅኩ። በዓመቱ ተፈትኜ አለፍኩ። በዚያ ቂም የለኝም። ወንድሜን በሞተበት ሳምንት ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አንዳንዴ ብቅ ትላለች። ስለ ግሪኮቹ አንነጋገርም ነበር። ባለፈው ወር ግን ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች። በሌላ ስቴት ያለ አንድ ወጣት ምሁር ስለ ጥንት ሙሾ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት አልቃሽ ለልጇ የጻፈችው ብሎ ያንን ደብዳቤ ጠቅሶታል። የተለጠፈውን እርማት አላየውም፤ ማይክሮፊልሙ ላይ የለም።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"እንደ ሌሎቹ እጽፍለታለሁ።"

እስካሁን አራት ሰው ጠቅሶታል። ለአራቱም የእርማቱን ቅጂ በፖስታ ልካለች። መልስ የጻፉላት ሁለት ናቸው።